የረቂቅ ተሐዋስያን መከላከያ ሣጥን ዓይነቶችና የአማርኛ ስያሜያቸው

የሙያ ቃል ሲተረጐም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ቃሉ ከግእዝ ይወሰድ ወይስ ከሕዝብ አነጋገር፣ ይዋስ ወይስ ይፈጠር የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቃሉን አንብቦ ሥራውን የሚሠራው ሰው በቃሉ ምክንያት ይሳሳታል ወይስ አይሳሳትም የሚለው ነው። በብዙ የሙያ መስኮች የስያሜ ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት አንባቢን ግር ማሰኘት ወይም ጊዜ ማባከን ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ግን የስያሜ ስሕተት ሠራተኛውን ለበሽታ ሊዳርገው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው የመሣሪያ ስሞች ለዚህ በቂ ምሳሌ ናቸው።

ለጽሑፋችን መነሻ የሆነው አንድ የሥልጠና መመሪያ ነው። መመሪያው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ለቋንቋ እርማት ቀርቦልን ነበር። ተርጓሚው «ንጹሕ የሥራ ሣጥን» በሚል ስያሜ በየገጹ ተጠቅሟል። አማርኛው የጠራ ስለ ነበረ የምናርመው ብዙ አላገኘንም። ረቂቁን ከእኛ ቀደም ብሎ ያየ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ግን ከስያሜው አጠገብ በእርሳስ «የትኛው?» የሚል ቃል ጽፎበት ነበር። ዋናውን ጽሑፍ አውጥተን ስናመሳክር ተርጓሚው በአንድ ስም የጠራቸው ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ሆነው ተገኙ። አንደኛው ከናሙና የሚነሣውን በሽታ አምጪ ነገር ከሠራተኛው የሚያርቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በናሙናው ላይ ያለፈውን አየር መልሶ ወደ ሠራተኛው ፊት የሚነፍስ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ አክታ የያዘውን ዕቃ «በንጹሕ የሥራ ሣጥን» ውስጥ ክፈት የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው ከሁለቱ በየትኛው እንደሚከፍተው ከአማርኛው ሊረዳ አይችልም ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ እናስረዳለን። ከዚያም ለእርሱ፣ ለዓይነቶቹና ለክፍሎቹ ይስማማሉ የምንላቸውን ስያሜዎች ከነምክንያታቸው ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ. የመሣሪያው ምንነት

በላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ሲከፈት፣ ሲናጥ ወይም ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲንቆረቆር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጠብታዎች ይነሣሉ። ከጠብታዎቹ ትልልቆቹ ወዲያው ይወድቃሉ። የረቂቆቹ ውሃ ግን ቶሎ ስለሚተን፣ በውስጣቸው የነበረው ተሐዋሲ በአየር ላይ ተንሳፎ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሠራተኛውም ሳያውቀው ከትንፋሹ ጋር ይስበዋል። ፓይክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት በላቦራቶሪ ሥራ ሳቢያ በበሽታ የተያዙ 3,921 ሰዎችን ሁኔታ መርምሮ ነበር። መርፌ እንደ መወጋት ወይም ዕቃ እንደ መሰበር ካለ የታወቀ አደጋ ጋር ሊያያዙ የቻሉት ከመቶ 20 እንኳ አልሞሉም። ይህም አብዛኛዎቹ በምን ሰዓትና በምን ምክንያት እንደ ተያዙ በውል ሳይታወቅ መቅረቱን ያሳያል።

እዚህ የምንነጋገርበት መሣሪያ የተሠራው ይህን የማይታይ አደጋ ለመከላከል ነው። መሣሪያው ከብረት የተሠራ፣ ፊቱ በተንሸራታች መስተዋት የተከለለ፣ ውስጡ የሥራ ገበታ ያለው ሣጥን ነው። ሠራተኛው ከፊቱ ተቀምጦ በመስተዋቱ ሥር ባለው ክፍተት እጆቹን አስገብቶ ይሠራል። ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የአየር ማራገቢያ በክፍተቱ በኩል አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ የተሳበውም አየር ወደ ውጭ ከመለቀቁ በፊት «ሄፓ» በሚባለው ማጣሪያ ያልፋል። እንግዲህ ሠራተኛውን የሚጠብቀው መስተዋቱ ብቻ ሳይሆን የአየሩ አካሄድ ነው።

ስለ ማጣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህ ላይ የተሳሳተ ምሳሌ ሲሰጥ አይተናል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ሥራውን ለማስረዳት «እንደ ወንፊት» ይላሉ። ወንፊት ከቀዳዳው የሚበልጠውን ይዞ የሚያንሰውን ያሳልፋል። በዚህ ምሳሌ የሄደ አንባቢ በጣም ጥቃቅን የሆኑት ቫይረሶች በማጣሪያው ሾልከው ያልፋሉ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማጣሪያው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቀጭን ጭረት ነው። ከበድ ያለው ብናኝ አየሩ ሲጠማዘዝ አብሮ መጠምዘዝ አቅቶት ከጭረቱ ጋር ይጋጫል፤ መካከለኛው በጭረቱ አጠገብ ሲያልፍ ይነካውና ይጣበቃል፤ እጅግ ረቂቁ ደግሞ በአየሩ ቅንጣቶች ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ሲቅበዘበዝ ከጭረቱ ላይ ያርፋል። ለመያዝ የሚያስቸግረው 0.3 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ያለው መጠን ነው። ማጣሪያው የሚፈተነው በዚህ መጠን ሲሆን ከ10,000 ብናኞች ቢያንስ 9,997ቱን መያዝ ይኖርበታል። ከዚህ የሚበልጠውንም የሚያንሰውንም ይበልጥ በቀላሉ ይይዛል። ይሁን እንጂ ተንና ጋዝ ብናኝ ስላልሆኑ በማጣሪያው ያልፋሉ። ስለዚህም ሙሉ ስሙን «የረቂቅ ብናኝ ማጣሪያ» ብንለው ምን እንደሚይዝ ይናገራል፤ የማይይዘውንም በስሙ ውስጥ ባለመጥቀሱ ይጠቁማል። «ሄፓ ማጣሪያ» የሚለው በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ በመሆኑ እንደ አጭር ስም ሊሠራበት ይችላል።

ለ. ሦስት የሚመሳሰሉ መሣሪያዎች

በመመሪያው ለተፈጠረው ስሕተት ተርጓሚውን ብቻ ተወቃሽ ማድረግ አይገባም። በላቦራቶሪ ውስጥ መልካቸው የሚቀራረብ ሦስት መሣሪያዎች አሉ፤ በሥራ ላይም ሦስቱን በአንድነት «ሁድ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው።

አንደኛው ከላይ የገለጽነው ነው።

ሁለተኛው ንጹሕ አየር የሚነፍስበት የሥራ ጠረጴዛ ነው። የክፍሉን አየር በሄፓ ማጣሪያ ካሳለፈ በኋላ በሥራው ላይ ይነፍሳል፤ አየሩም ከሥራው ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው ይመጣል። በዚህ ዓይነት ሥራው ከአቧራና ከክፍሉ ተሐዋስያን ይጠበቃል። የሙዝ ወይም የሸንኰራ አገዳ ችግኝ ከቲሹ ለሚያባዛ ሰው ወይም ንጹሕ የማሳደጊያ ምግብ ለሚቀዳ ሰው ይህ እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ሠራተኛውን ግን በምንም መንገድ አይጠብቀውም። በሽታ አምጪ ነገር በላዩ ቢከፈት እንዲያውም ወደ ሠራተኛው ይነዳዋል።

ሦስተኛው ለኬሚካል ሥራ የሚያገለግለው ነው። አየሩን ከሠራተኛው ወደ ውስጥ ስቦ በቧንቧ ወደ ውጭ ያስወጣል። በዚህም ሠራተኛውን ከመርዛማ ተን ይጠብቃል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ማጣሪያ ስለሌለው ተሐዋስያንን አስቀርቶ አያስቀርም።

ለመጀመሪያው መሣሪያ እስካሁን ሲሠራባቸው ያየናቸው ስሞች ሦስት ናቸው። «ካቢኔት» የሚለው ውሰት ለባለሙያው ግልጽ ነው፤ ሆኖም «ካቢኔ» ከሚለው የሹማምንት ጉባኤ ጋር ስለሚቀራረብ በጽሑፍ ላይ በቀላሉ ይደባለቃል። «ቁም ሣጥን» ደግሞ ዕቃ የሚቀመጥበት እንጂ ሰው የሚሠራበት አይደለም። በአንድ ረቂቅ ውስጥ «የአደገኛ ተሐዋስያን መቆለፊያ ቁም ሣጥን» የሚል ትርጉም አጋጥሞናል፤ ይህን ያነበበ የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ቢገዛ ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም። የቀረው «ሣጥን» ነው። ሣጥን ግድግዳ ያለውና አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ መሆኑን ያመለክታል፤ መክደኛው ወይም በሩ ቢከፈትም ሣጥንነቱ አይቀርም።

እኛ የምንከተለው መመዘኛ የሚከተለው ነው። ሠራተኛ ረጅም ስም አይጠራም፤ ያሳጥራል። ስለዚህ ጥሩ ስያሜ ሙሉ ሆኖ ሳለ ብቻ ሳይሆን ሲያጥርም የማያሳስት መሆን ይኖርበታል። ሦስቱን መሣሪያዎች «ንጹሕ ሣጥን»፣ «የደኅንነት ሣጥን»፣ «የኬሚካል ሣጥን» ብንላቸው በአነጋገር ሁሉም «ሣጥን» ሆነው ይቀራሉ፤ ልዩነቱ የሚጠፋው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ስለሆነም የመጀመሪያውን ሣጥን፣ ሁለተኛውን ጠረጴዛ፣ ሦስተኛውን ማስወጫ በማለት ዋናውን ስም ራሱን ለየብቻ እናደርጋለን። ለሦስተኛው «የጢስ መሳቢያ» የሚል ሐሳብ ቀርቦልን ነበር፤ ግን መሳቢያ በአማርኛ የጠረጴዛ ኪስ በመሆኑ ትተነዋል። «የጢስ ማውጫ» ያልነውም እንደ ሆነ አንባቢው የሚያስበው የወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ነው። ስለዚህ «የኬሚካል ተን ማስወጫ» የሚለውን መርጠናል።

ሐ. መከላከያና መጠበቂያ

ከዋናው ስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሣጥኑ ማንን ከምን የሚጠብቅ መሆኑን የሚገልጸው ክፍል ነው። አሜሪካኖች መሣሪያውን «ባዮሎጂካል ሴፍቲ ካቢኔት»፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአውሮፓ መለኪያ ደግሞ «ማይክሮባዮሎጂካል ሴፍቲ ካቢኔት» ይሉታል። ቃል በቃል ሲተረጐም «ሥነ ሕይወታዊ የደኅንነት ሣጥን» የሚል ይሆናል፤ ይህ ግን የማን ደኅንነት እንደ ሆነ አይናገርም። «ደኅንነተ ሕይወት» የሚለው ጥምረትም በአዋጅ ቁጥር 655/2001 ሥራ ላይ ውሏል። አዋጁ የሚመለከተው ልውጥ ሕያዋንን ስለ ሆነ፣ ቃሉን ወደ ሣጥኑ ብናመጣው አንባቢውን ወደ ሌላ ጉዳይ ይመራዋል።

ከአማርኛ ግሦች ሁለቱ ለዚህ ቅርብ ናቸው፤ «ተከላከለ» እና «ጠበቀ»። ከሁለቱ የሚወጡት የመሣሪያ ስሞች ግን በዘርፍ ሲያያዙ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። «የወባ መከላከያ» ስንል ወባ የሚከላከሉት ጠላት ነው፤ «የአገር መከላከያ» ስንል ግን አገር የሚከላከሉለት ነው። ሰዋስዉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ተቃራኒ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው አንባቢው ወባ የሚፈራ፣ አገር የሚወደድ መሆኑን በማወቁ ብቻ ነው። «መጠበቂያ» ግን እንዲህ አይደለም። በዘርፍ የሚያያዘው የሚጠበቀው ነገር ሲሆን፣ የሚፈራው ነገር «ከ» ያስፈልገዋል። «የወባ መጠበቂያ» አንልም፤ «ከወባ መጠበቂያ» እንላለን።

ይህ ልዩነት ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ፍሬ አለው። በሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ናሙና የሚፈራም የሚጠበቅም ነው። ተሐዋሲ ስላለበት ይፈራል፤ ከውጭ ሌላ ተሐዋሲ ከገባበት ምርመራው ስለሚበላሽና ታማሚው የተሳሳተ ውጤት ስለሚያገኝ ይጠበቃል። ስለዚህ «የናሙና መከላከያ ሣጥን» ብንል አንባቢው ወደ ሁለቱም ሊተረጕመው ይችላል። «የረቂቅ ተሐዋስያን መከላከያ ሣጥን» ስንል ግን ተሐዋስያኑ የሚወደዱ ስላልሆኑ ትርጉሙ አያሻማም። በአጭሩ «መከላከያ ሣጥን» ይባላል። ሠራተኞች የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛን፣ ጓንትንና የመሳሰለውን መከላከያ ስለሚሉ፣ አጭሩ ስም ቢደባለቅ እንኳ የሚደባለቀው ሠራተኛውን ከሚጠብቅ ሌላ ነገር ጋር ነው።

«ተሐዋሲ» የሚለው ቃል በዜና ማሰራጫዎች ለቫይረስ ብቻ ሲነገር ይሰማል፤ በተለይም የኮሮና ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ ይህ አጠራር ተስፋፍቷል። በሣጥኑ ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስም ስለሚሠራባቸው «ረቂቅ» የሚለውን ቅጽል አክለን «ረቂቅ ተሐዋስያን» ስንል ሁሉንም የሚያጠቃልል ስም እንዲሆን ነው።

«መጠበቂያ» እና «ጥበቃ» ደግሞ የሚጠበቀውን ለመግለጽ ይጠቅሙናል። በዚህ መሠረት ሦስት ጥበቃዎች ይኖራሉ፤ የሠራተኛ ጥበቃ፣ የሥራ ጥበቃ እና የአካባቢ ጥበቃ። የመጨረሻው ስለ ደንና ስለ አፈር በሚነገርበት ትርጉሙ እንዳይወሰድ «የውጭ አየር ጥበቃ» ማለት ይሻላል።

መ. መደብ፣ ደረጃና ዓይነት

መከላከያ ሣጥኖች በሦስት ይከፈላሉ። እነዚህን ክፍሎች በአማርኛ ምን እንበላቸው? ብዙ ተርጓሚዎች «ደረጃ» ይላሉ። ይህ አደገኛ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም ላቦራቶሪዎች ራሳቸው ከ1 እስከ 4 ባሉ የደኅንነት ደረጃዎች ሲመደቡ ቆይተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለመጀመሪያ ጊዜ ከታተመ ወዲህ እነዚህ ቁጥሮች በዓለም ሁሉ ተለምደዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አራተኛው እትም ክብደቱን በሥጋት ግምገማ ላይ ቢያደርግም በአነጋገር አሁንም አልተተዉም። ሁለቱንም «ደረጃ» ካልናቸው አንባቢው ደረጃ 3 ሣጥን የደረጃ 3 ላቦራቶሪ ነው ብሎ ያስባል። በእውነቱ ግን በደረጃ 3 ላቦራቶሪ በተለምዶ የሚገኘው የሁለተኛው ክፍል ሣጥን ነው፤ የሦስተኛው ክፍል ሣጥን የሚታሰበው በአብዛኛው ለደረጃ 4 ሥራ ነው።

«ክፍል» የሚለውም አይስማማም። «የክፍል 2 ሣጥን» የሚለውን የሰማ ሰው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ሣጥን ማለት ይመስለዋል። የቀረን «መደብ» ነው። የሰዋስው ሰዎች አንደኛ መደብ፣ ሁለተኛ መደብ ሲሉ ስለ ተናጋሪና ስለ አድማጭ መሆኑን አንዘነጋም፤ ነገር ግን ሰዋስውና ላቦራቶሪ በአንድ ገጽ ላይ ስለማይገናኙ ይህ ችግር አይሆንም። ቁጥሩ ግን «መደብ 2» ተብሎ እንዲጻፍ እንጂ «ሁለተኛ መደብ» እንዳይባል እናሳስባለን። በአማርኛ «ሁለተኛ» ከተባለ ዕቃው ከአንደኛው ያነሰ ይመስላል። የመደብ ቁጥር ግን የጥራት ማዕረግ አይደለም፤ የሚከተለው ገለጻ እንደሚያሳየውም መደብ 2 መደብ 1 የማይሰጠውን ጥበቃ ይሰጣል።

መደብ 1 ሣጥን አየርን በፊቱ ክፍተት በኩል ቢያንስ በሴኮንድ 0.38 ሜትር ፍጥነት ወደ ውስጥ ይስባል። የሚወጣውም አየር በሄፓ ማጣሪያ ያልፋል። ስለዚህ የሠራተኛ ጥበቃና የውጭ አየር ጥበቃ ይሰጣል። ወደ ውስጥ የሚገባው የክፍሉ አየር ግን ሳይጣራ በናሙናው ላይ ስለሚያልፍ የሥራ ጥበቃ የለውም።

መደብ 2 ሣጥን ሦስቱንም ጥበቃዎች ይሰጣል። ከፊት የሚገባው አየር ወደ ሥራው ሳይደርስ በገበታው አፍ ባለው ወንፊት መሰል ክፍተት ወደ ታች ይሳባል፤ ከላይ ደግሞ በማጣሪያ ያለፈ ንጹሕ አየር በሥራው ላይ ይወርዳል። ሁለቱ አየሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ በሠራተኛውና በናሙናው መካከል የአየር መጋረጃ ይሆናሉ። የሕክምና ምርመራ ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት በዚህ ሣጥን ነው።

መደብ 3 ሣጥን ዙሪያውን አየር በማያሳልፍ ሁኔታ የተዘጋ ነው። ሠራተኛው የሚሠራው በሣጥኑ ላይ በተገጠሙ ረጃጅም ጓንቶች ውስጥ እጁን አስገብቶ ነው። የሚገባው አየር በማጣሪያ፣ የሚወጣው ደግሞ በተከታታይ በተገጠሙ ሁለት ማጣሪያዎች ያልፋል። የውስጡ የአየር ግፊት ከክፍሉ ግፊት ወደ 125 ፓስካል ገደማ እንዲያንስ ስለሚደረግ፣ ጓንቱ ቢቀደድ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። ይህን ሁኔታ «አሉታዊ ግፊት» ከማለት «ከክፍሉ ያነሰ ግፊት» ማለት ይሻላል፤ «አሉታዊ» የሚለው ቃል ለብዙ አንባቢ መጥፎ ማለት ሲሆን፣ እዚህ ግን ሰውን የሚያድነው ይኸው ግፊት ነው።

ሠ. የአየር ስሞችና የመደብ 2 ዓይነቶች

መደብ 2 ሣጥን በአሜሪካ አከፋፈል በዓይነቶች ይለያል፤ የአውሮፓው መለኪያ ይህን ንዑስ አከፋፈል አይጠቀምም። ልዩነታቸው በአየሩ አካሄድ ስለ ሆነ ለአየሩ የተመቸ ስም ሳይኖር ዓይነቶቹን ማስረዳት አይቻልም። በዚህ ረገድ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገንም። ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ሰው ገቢና ወጪ ደብዳቤን፣ ተመላሽ ገንዘብን ያውቃል። ስለዚህ ከክፍሉ የሚሳበውን «ገቢ አየር»፣ ከሣጥኑ የሚለቀቀውን «ወጪ አየር»፣ ተጣርቶ እንደገና ወደ ሥራው የሚላከውን «ተመላሽ አየር»፣ ከላይ ወደ ሥራው የሚወርደውን «ወራጅ አየር» ብለናቸዋል። እንደ ሒሳብ መዝገብም ገቢና ወጪው ይመዛዘናል፤ የወጣውን ያህል አየር ካልገባ መጋረጃው ይፈርሳል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሦስተኛ እትም በሰፈረው መሠረት የዓይነቶቹ ልዩነት እንደሚከተለው ነው። በዓይነት ኤ1 እና በዓይነት ኤ2 ከመቶ 70 ያህሉ ተመላሽ፣ 30 ያህሉ ወጪ ነው። የኤ1 ገቢ አየር ፍጥነት ከ0.38 ሜትር በሴኮንድ ሊጀምር ሲችል የኤ2 ግን 0.51 ሜትር ነው። በዓይነት ቢ1 ተመላሹ 30፣ ወጪው 70 ይሆናል። በዓይነት ቢ2 ተመላሽ የለም፤ አየሩ በሙሉ ተጣርቶ በቧንቧ ከሕንፃው ውጭ ይለቀቃል። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካው መለኪያ ዓይነት ሲ1 ተጨምሯል።

ይህ ልዩነት ለተርጓሚ ዝርዝር ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቀደም ብለን ማጣሪያው ተን እንደማይይዝ መናገራችን ይታወሳል። መርዛማ ተን ያለው ኬሚካል ብዙ ተመላሽ አየር ባለው ሣጥን ውስጥ ቢከፈት ተኑ ደጋግሞ ይዞራል፤ የሣጥኑ ወጪ አየር ወደ ክፍሉ የሚለቀቅ ከሆነም ሠራተኛው ይተነፍሰዋል። «ተመላሽ» የሚለው ቃል በመመሪያው ውስጥ በትክክል ካልገባ ይህን የሚያስጠነቅቅ ሌላ ነገር የለም።

የዓይነቶቹን ፊደላት «ሀ» እና «ለ» እያሉ መተርጐም የቋንቋ ፍቅር ቢመስልም አንደግፈውም። በመሣሪያው ላይ በተለጠፈው ብረት የተጻፈው የላቲኑ ፊደል ነው፤ ሠራተኛው ከመመሪያው ያነበበውን ከብረቱ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። ስለዚህ አነባበቡን ጠብቀን «ኤ2»፣ «ቢ2» እንላለን። ፊደላቱም ከጊዜ ጋር የሚለወጡ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። የኤን ኤስ ኤፍ መለኪያ ቁጥር 49 እ.ኤ.አ. በ1976 ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሻሻል ቀድሞ «ኤ» ይባል የነበረው «ኤ1» ሆነ፤ «ቢ3» ይባል የነበረውም በ«ኤ2» ውስጥ ተጠቃለለ። የቆየ መጽሐፍ የሚተረጕም ሰው የመጽሐፉን ዓመት ሳያይ ፊደሉን ቢገለብጥ አንባቢውን ያሳስታል።

ስለ «የአየር መጋረጃ» አንድ ማስገንዘቢያ እንጨምር። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን መጋረጃው ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ መነገር አለበት። በሴኮንድ 0.51 ሜትር ማለት በሰዓት 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ ካለው ፍጥነት ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሠራተኛው ጀርባ ፈጠን ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ የሚከፈት በር፣ እጅን በፍጥነት ማስገባትና ማውጣት፣ የገበታውን የፊት ክፍተት በወረቀት መሸፈን፣ በውስጡም እሳት ማንደድ መጋረጃውን ያፈርሱታል። ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማራገቢያው ቢያንስ 5 ደቂቃ እንዲሠራ፣ እጁን ካስገባም በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል እንዲቆይ የሚታዘዘው አየሩ እስኪረጋጋ ነው። በመመሪያ ትርጉም ውስጥ እነዚህ ትእዛዞች ያለ ምክንያት ብቻቸውን ሲቀመጡ ሥርዐት ማብዛት ይመስላሉ፤ «መጋረጃ» የሚለው ቃል በትክክል ከተብራራ ግን ምክንያታቸው ራሱ ይገለጣል።

ረ. የቀረቡት ስያሜዎች

የረቂቅ ተሐዋስያን መከላከያ ሣጥን (በአጭሩ መከላከያ ሣጥን)፦ በአየር አካሄድና በሄፓ ማጣሪያ አማካይነት ሠራተኛውንና የውጭውን አየር፣ እንደ መደቡም ሥራውን፣ ከረቂቅ ተሐዋስያን የሚጠብቅ የላቦራቶሪ መሣሪያ። ውሰቱ፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔት።

የንጹሕ አየር ጠረጴዛ፦ የተጣራ አየር በሥራው ላይ በመንፈስ ሥራውን ብቻ የሚጠብቅ፣ ሠራተኛውን የማይጠብቅ መሣሪያ።

የኬሚካል ተን ማስወጫ፦ ሠራተኛውን ከመርዛማ ተን ለመጠበቅ አየርን ስቦ ከሕንፃ ውጭ የሚለቅ መሣሪያ።

መደብ፦ የመከላከያ ሣጥን ዋና ክፍል፤ 1፣ 2፣ 3።

ዓይነት፦ የመደብ 2 ሣጥን ንዑስ ክፍል፤ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1።

ደረጃ፦ ለላቦራቶሪው እንጂ ለሣጥኑ የማይነገር።

ገቢ አየር፣ ወጪ አየር፣ ወራጅ አየር፣ ተመላሽ አየር፦ ከላይ በ«ሠ» እንደ ተገለጹት።

የረቂቅ ብናኝ ማጣሪያ (በአጭሩ ሄፓ ማጣሪያ)፦ ብናኝን የሚይዝ፣ ተንንና ጋዝን የማይይዝ የአየር ማጣሪያ።

ባለሙያው «ባዮሴፍቲ ካቢኔት» እያለ ሲግባባ ለምን አዲስ ስም ታመጣላችሁ የሚል ጥያቄ ሊቀርብብን ይችላል። በባለሙያዎች መካከል ውሰቱ ስሕተት የለበትም፤ በመዝገበ ቃላትም ከአማርኛው ጐን መቀመጥ ይኖርበታል። ነገር ግን ሣጥኑን የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ አይደለም። ግዥ ጠያቂው፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊው፣ ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው፣ ማራገቢያውን የሚጠግነው ሠራተኛ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይገናኛሉ። በሥራ ላይ እያለ መስኮት የሚከፍት ወይም ከመከላከያ ሣጥን ይልቅ የንጹሕ አየር ጠረጴዛ የሚገዛ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት የሚያርፈው በባለሙያው ላይ ነው።

በመነሻችን የጠቀስነው መመሪያ በእነዚህ ስያሜዎች ከታረመ በኋላ ተመልሶ ወደዚያው ባለሙያ ሄዶ ነበር። እርሱም በአንድ ስፍራ «ሣጥን» የነበረውን ሰርዞ «ጠረጴዛ» አደረገው፤ እኛ ሳናስተውለው የቀረ ስሕተት ነበር። ስለዚህ ተርጓሚዎችና የቋንቋ ባለሙያዎች በቀረቡት ስያሜዎች ላይ ያላቸውን አስተያየት ሲሰጡን፣ አስቀድመው በሣጥኑ ፊት ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው አንብበውለት እንዲሆን እናሳስባለን።